ክርክር፦ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው በፍርድ መከልከል ይቅር ወይስ ይቆይ?

ጠያቂ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና የሥራውን ውጤት ማመዛዘን ያቃተውን ሰው በፍርድ መከልከል ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሌላ ሰው ነው። ብቻውን ቢፈርም ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ምን ትላላችሁ?

ጠበቃ ነኝ፦ ይቆይ። ሕመሙ ተነስቶበት ልጆቹ ያሉበትን ቤት በርካሽ ሊሸጥ ቀብድ የተቀበለ አባት አውቃለሁ። ደላላው ሁኔታውን አይቶ ነው የተጠጋው። ክልከላው ባይኖር ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀሩ ነበር። ደግሞም ዳኛው ሰውየውን ሳያይ ወይም ሳያስመረምር ዝም ብሎ አይከለክልም።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ የልጆቹ ነገር ይገባኛል። ግን አንቀጽ 351ን እስከ ታች አንብበው። ክልከላው ለሕመምተኛው ጤናና ጥቅም ነው ይልና፣ ለወደፊት ወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ይቻላል ይላል። እኔን የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው።

አጎቶቼ አክስቴ እንድትከለከል አመለከቱ። ችሎት በር ላይ አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ቀኑን አታውቀውም። ዓመቱንም ረስታዋለች። ግን ተከራዮቿን በጣቷ እየቆጠረች «የጓሮዋ ሴትዮ የጥርን ከፍላለች፣ ተማሪው ግማሽ ይቀርበታል፣ ሱቁ የሁለት ወር አለበት» አለችኝ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ሳየው አንዱም አልተሳሳተም። ዳኛው የጠየቋት ቀኑን ነው። ስለ ኪራዩ የጠየቃት የለም። አጎቶቼ ጠበቃ ነበራቸው፤ እሷ አልነበራትም።

ከለንደን፦ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ አለ። ማንም ሰው በራሱ መወሰን አይችልም እስኪባል ድረስ ይችላል ተብሎ ነው የሚታየው። የሚመዘነውም በየጉዳዩ ነው። ቤት መሸጥ ያቃተው ሰው የት እንደሚኖር መምረጥ ሊችል ይችላል። መጥፎ ውሳኔ ስለወሰነ ብቻ ችሎታ የለውም አይባልም። ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ፍርድ ቤት አለ፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ጠበቆችም አሉ።

ግን እዚህም ክፍተት አለ። ሰውየው ጠበቃውን ራሱ ማዘዝ አይችልም ከተባለ፣ በስሙ ሌላ ሰው ይሾማል። ጠበቃውም የሚሰማው የዚያን ሰው ቃል ነው። እናትየው «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ፣ በስማቸው የቆመው «መጦሪያ ይሻላቸዋል» ሊል ይችላል።

ጠበቃ ነኝ፦ የወራሾቹ ነገር ይውጣ፣ በዚህ እስማማለሁ። በየጉዳዩ ይመዘን ስትሉ ግን መዛኙ ማነው? የአእምሮ ሐኪም ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ስትል የት ታገኛለህ?

ከአዲስ አበባ፦ ሐኪም እስኪገኝ ጠበቃ ይቁምላት። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል። አንቀጽ 12 ሰው በራሱ እንዲወስን ይታገዝ ነው የሚለው። አክስቴ ያን ቀን ፋይል የታቀፈችውን ጠበቃ አይታ «ይቺ ልጅ የኔ ናት?» አለችኝ። አይደለችም አልኳት።