አብራሪ መሆን የሚፈልጉ ሴት ተማሪዎች አሉኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የፊዚክስ መምህርት፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አብራሪ መሆን የሚመኙ ጎበዝ ሴት ተማሪዎች አሉኝ። አንዷ መነጽር ስለምታደርግ "እኔን አይቀበሉኝም" ብላ ከወዲሁ ተስፋ ቆርጣለች። የሌላዋ እናት "ትዳርና ልጅስ?" እያሉ አስጨንቀዋታል። የቅበላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ዝም ብዬ መጠበቅ አልፈልግም። አሁን ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ ሰልጣኝ አብራሪ (ሴት)

ቲቸር፣ ፊዚክሱና ሒሳቡ እርስዎ ጋ ስላለ አያሳስበኝም። እንግሊዝኛው ላይ ይበርቱባቸው። ለዓለም አቀፍ በረራ በአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) የቋንቋ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልጋል፣ የሚፈተነውም መናገርና መስማት ነው፦ ያልጠራ የሬዲዮ ድምፅ ሰምቶ መረዳት፣ ያልገባን ነገር ሳያፍሩ ይደገምልኝ ማለት።

ሌላው ደግሞ ዝምታ ነው። ብዙዎቻችን መልሱን እያወቅን እጅ ሳናወጣ ነው ያደግነው፣ በረራ ላይ ግን የምታዪውንና የምታደርጊውን ጮክ ብለሽ እየተናገርሽ ነው የምታበሪው፣ ዝም ካልሽ አስተማሪሽ አልገባትም ብሎ ያስባል። ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ያውጧቸው፣ ቢሳሳቱም እስከ መጨረሻው ያስረዱ።

መልስ፦ የዓይን ሐኪም

መነጽር ብቻውን አይከለክልም። ለንግድ አብራሪዎች በወጣው ዓለም አቀፍ የጤና መስፈርት (አንደኛ ክፍል በሚባለው) በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን ለርቀት 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6 ማየት ከቻሉ ይበቃል። ቀጣሪው ግን ጠበቅ ያለ ነገር ሊጨምር ስለሚችል ማስታወቂያውን በደንብ አንብቡ። ልጅቷ አሁኑኑ ትመርመር፣ የቀለም ምርመራም ጨምሩበት። የቀለም መለየት ችግር ሴቶች ላይ ብርቅ ነው፣ ቢሆንም ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

መልስ፦ የረዳት አብራሪ አባት

እህቴ፣ እናትየዋን አትቆጪያቸው፤ እኔም በልጄ ጊዜ ያንኑ ነበር የምጠይቀው። የሚያሳምናቸው የሚያዩት ሰው ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአዲስ አበባ ባንኮክ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ተደርጓል፣ ካፒቴኗም እሷው ነበረች። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ እንደተማረችም ንገሪያቸው።

ልጅ መውለድ ሥራውን አያስቀርም። በእርግዝና ጊዜ ከበረራ እረፍት አለ፤ በአይካኦ ደንብ ግን ጤናማ ከሆነች ከ12ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 26ኛው በሐኪም ፈቃድ ልትበር ትችላለች። መንገዱ ረጅም መሆኑንም አትደብቂያቸው። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ ረዳት አብራሪ ሆኖ እየሠሩ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጁን አብሮ የሚይዝ ባል ወይም እናት ካለ እሷም ትጸናለች።

ጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የዓይን ምርመራውን በዚህ ሳምንት አስደርጋለሁ። ሰልጣኟ፣ ወላጆችን ስሰበስብ በስልክ ታናግሪልኛለሽ?

መልስ፦ ሰልጣኝ አብራሪ

በደስታ። እሁድ በረራ የለኝም፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን። እናትየዋን ግን ለብቻቸው ባናግራቸው ይሻላል፤ ሰው ፊት የልባቸውን አይጠይቁም።