የግንባታ ስክሪፕት በንጹሕ ኤስኤች ይጻፍ ወይስ ባሽ ግዴታ ይሁን?

መነሻ፦ የፕሮጀክቱ ስክሪፕቶች መጀመሪያ መስመራቸው ላይ «#!/ቢን/ኤስኤች» ይላሉ፤ ውስጣቸው ግን ባሽ (ከመደበኛው ኤስኤች በላይ ተጨማሪ ነገሮች ያሉት ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ አስኪያጅ) ነው። ኤስኤች ዳሽ (የባሽን ተጨማሪዎች የማያውቅ ትንሽ ሼል) በሆነባቸው ሲስተሞች (ኡቡንቱ ከ2006፣ ዴቢያን ከ2011 ጀምሮ) ይሰበራሉ። ወደ ፖዚክስ (የኤስኤችን ደንብ ወደሚወስነው ስታንዳርድ) እንመልሳቸው ወይስ ባሽን ግዴታ እናድርግ?

ባሻ፦ መጀመሪያውን መስመር ወደ ባሽ ቀይሮ መገላገል ነው። አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) እና [[ ]] (የባሽ ሁኔታ መፈተሻ) እያሉ በባዶ እጅ ምን ያታግለናል?

ጠጋኝ፦ አልፓይን ሊኑክስ ላይ ባሽ አብሮ አይመጣም፤ ኤስኤች የሚባለው የቢዚቦክስ (የትንንሽ ትእዛዞች ጥቅል) ሼል፣ አሽ ነው። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ስርዓተ ክወናም ካልጫንከው የለውም። ደግሞስ የትኛው ባሽ? ከማክኦኤስ ጋር የሚመጣው 3.2 ነው፣ የ2006ቱ። መስመሮችን ወደ አሬይ የሚያነበው «ማፕፋይል» የገባው በ4 ነው። ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭን ስህተት የሚያደርገው «ሴት -ዩ» በርቶ ባዶ አሬይ ከዘረጋህ ከ4.4 በፊት ያለው ባሽ ስህተት ብሎ ያቋርጣል።

ባሻ፦ ይሁን፤ ግን == የሚለውን የባሽ ማነጻጸሪያ ወደ = መቀየር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስህተቱም ጮሆ ይናገራል።

ጠጋኝ፦ የሚጮኸውስ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ውጤትንም ስህተትንም ወደ አንድ ፋይል የሚልከው የባሽ ምልክት &> ነው። ዳሽ ሁለት ነገር አድርጎ ያነበዋል፦ ትእዛዙን ከጀርባ ያስኬዳል፣ ከዚያ ፋይሉን ባዶ ያደርጋል። የመውጫ ኮዱም 0 ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ላይብረሪ አለ?» ብሎ የሚፈትሽ «ኢፍ» ባይኖርም «አለ» ይላል፤ ግንባታው የሚወድቀው ዘግይቶ፣ ሊንከሩ (የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም) ላይ ነው። እዚያ ቆመህ ምክንያቱን ፈልግ እንግዲህ! ትክክሉ «> ፋይል 2>&1» ነው።

ድርና ማግ፦ ሁለታችሁም ሼሉን ብቻ ነው የያዛችሁት። ፋይልን እዚያው የሚያርመው «ሴድ -አይ» ሼል ስለቀየራችሁ አይድንም። የጂኤንዩ ሴድ የመጠባበቂያ ቅጥያ ባትሰጡትም ይሠራል፤ የማክኦኤሱ ግን የግድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የአርትዖት ትእዛዙን ቅጥያ ነው ብሎ ይወስድና የፋይሉን ስም እንደ ትእዛዝ ያነባል። ውጤቱን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጻፉ። ፋይል በሚያዛውረው «ኤምቪ» ከተካችሁ ግን የማስኬጃ ፈቃዱ ይጠፋል፤ «ካት ጊዜያዊ > ዋናው» ፈቃዱን ያቆያል። «ኤኮ -ኢ» ደግሞ ዳሽ ላይ «-ኢ»ን ራሷን ያትማል፤ ፕሪንትኤፍ ተጠቀሙ።

ባሻ፦ ፓይፕፌይልስ (በፓይፕ ከተያያዙት ትእዛዞች አንዱ ቢወድቅ ሁሉንም ወደቀ የሚያሰኘው)? ኮምፓይለሩ ወድቆ ከፓይፑ ማዶ ያለው፣ ውጤትን እያሳየ ወደ ፋይል የሚጽፈው «ቲ» ከተሳካ ግንባታው አለፈ ይባላል።

ጠጋኝ፦ እዚህ ላይ አሸንፈኸኛል። ፖዚክስ በ2024 እትሙ አስገብቶታል፤ የቆዩ ዳሾች ግን አያውቁትም። ለጊዜው ውጤቱን ወደ ፋይል ላክ፣ የመውጫ ኮዱን በተለዋዋጭ ያዝ፣ ፋይሉን ከዚያ አሳይ።

ድርና ማግ፦ ፌዶራ ላይ ሞክሬ አለፈ ማለት አይበቃም። እዚያ ኤስኤች ራሱ ባሽ ነው፤ በኤስኤች ስም ሲጠራም [[ ይቀበላል። ሲአይ (ለውጦችን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ ሥርዓት) ላይ የስክሪፕት ስህተት ፈላጊውን ሼልቼክን በኤስኤች ሁነታ አስኪዱ፣ ከዚያ በዳሽና በቢዚቦክስ ገንቡ። ሜክፋይሎቹንም (ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ መመሪያዎች) አትርሱ፤ ሜክ የተጠቃሚውን ሼል አይወርስም፣ ካልተነገረው የሚጠራው ኤስኤችን ነው።

ባሻ፦ እንግዲያው ተጠቃሚ የሚያስኬደው ሁሉ ኤስኤች ይሁን። ልቀት ማዘጋጃው ስክሪፕት ግን ባሽ ሆኖ ይቆይ፣ በ3.2 እስከሠራ ድረስ።

ጠጋኝ፦ ልቀት ማዘጋጃውን ሜክፋይሉ የሚጠራው ከሆነስ? መጀመሪያ እሱን እንይ።