አስቸኳይ! ነገ ኢንተርቪው አለኝ፣ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ምን ልብላ?

ማሂ፦ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነገ ጠዋት 2፡30 ኢንተርቪው አለኝ። ጭንቀት የሚያበርድ የጾም ምግብ ንገሩኝ፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው!

የሰፈር ልጅ፦ ሙዝ።

ቀለሙ፦ ጭንቀትን ነቅሎ የሚያወጣ ምግብ የለም። ሆድ ባዶ ሆኖ ስኳር ዝቅ ሲል ሰውነት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ለጭንቀት ይረዳል የሚባለው ማግኒዥየም ከሱፍና ከሰሊጥ ይገኛል፣ ግን የዛሬን ማታ አያድንም። ሰው ለወራት መብላት ያለበትን በአንድ ማታ...

ፋርማሲ ጥግ፦ ቀለሙ፣ ትንሽ ታገሥ። ማሂ፣ ስንት ሰዓት በላሽ? ቡናስ?

ማሂ፦ በ9 ሰዓት ትንሽ ቀመስኩ። ከዚያ ቡና፣ ያው እስከ በረካ። በ11 ሰዓት ለማጥናት አንድ ኢነርጂ ድሪንክ።

ፋርማሲ ጥግ፦ በይ እንግዲህ! 250 ሚሊ ሊትሩ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ አለ፤ የቡናው ሳይቆጠር። የወሊድ መከላከያ እንክብል ለምትወስድ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ትወስጃለሽ? ከአሁን በኋላ ሻይም ኮካም ይቅር። አንድ ሙሉ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ብዪ፣ ውኃ ጠጪ። ነገ ሳትበዪ የምትገቢ ከሆነ የሚይዝሽ ይሄው እራት ነው። ጣፋጭ ጁስ ብቻውን ስኳርሽን ከፍ አድርጎ ቶሎ ያወርደዋል።

ጀበና፦ ቡናን አትወንጅሉ! በረካውን ለጠያቂዎቹ አቅርቢላቸው፣ እነሱ ይንቀጥቀጡ።

ወለተ፦ ጾሙ ምን አጠፋ? ማታ ደህና ተበልቶ ቢታደር እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም።

የሰፈር ልጅ፦ ሙዝ አልኩ እኮ። በዳቦና በለውዝ ቅቤ።

ቀለሙ፦ እሱስ ልክ ነው፣ ለውዙ ጥጋቡን ያቆየዋል።

ነርስ፦ እህቴ፣ ቡና ቀንሰሽም ምቱ ከቀጠለ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየውን) እና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ተመርመሪ፤ የደም ማነስም ልብ ያስመታል፣ ጭንቀት ነው ተብሎ ይታለፋል። የአይረን እንክብል የታዘዘለት ሰው ከቡናና ከሻይ ጋር አይውሰደው፣ ብረቱን ይይዙበታል። ደረት የሚወጋሽ ወይም ራስሽን የሚያስትሽ ከሆነ ግን እራቱን ትተሽ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጀበና፦ ቡናውን በአንዴ እርም እንዳትዪ፣ ራስ ምታቱ አያስቀምጥም። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሳምንት በኋላ አቦል ብቻ፣ እሱም ከምግብ በኋላ።

ፋርማሲ ጥግ፦ ማሂ፣ የወሊድ መከላከያ እንክብሉን ጥያቄ አልመለስሽልኝም።