የጋራ መታጠቢያ ቤት የሶፍት ማውጫ ተይዞብናል፤ ሳይሰበር እንዴት ይከፈታል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ገላን አካባቢ፣ አራት ድርጅቶች በጋራ በተከራዩት ሕንፃ ውስጥ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የሶፍት ማውጫ፣ ሲሳብ ወረቀቱን ራሱ የሚቆርጠው ዓይነት፣ ከሰኞ ጀምሮ ተይዟል። ወረቀቱን ስንስበው ጣት የምታክል ቁራጭ ብቻ ተቦጭቃ ትወጣለች፤ በእርጥብ እጅ የተቦጫጨቀውም አፉ ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ደርቋል። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። አንድ ባልደረባችን በካቻቢቴ ሊፈለቅቀው ሲል አስቆምኩት፤ ሣጥኑ ቢሰበር ከአራቱ ድርጅቶች የትኛው ይክፈል በሚለው መጨቃጨቃችን አይቀርም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ማስቆምዎ ደግ አደረጉ። በውስጡ ከበሮ መሳይ ሮለር አለ፤ በሮለሩ ሆድ ደግሞ ምላጭ ተሸሽጓል። ወረቀቱ ሲሳብ ሮለሩ ይዞራል፣ ምላጩ ብቅ ብሎ ቆርጦ ይመለሳል፣ የቀረውን ዙር ሞላው ይጨርስና ለሚቀጥለው ሰው ጫፍ ያወጣል። ዙሩ መሐል ላይ ከቆመ ምላጩ እንደወጣ ሊቀር ስለሚችል፣ በአፉ በኩል ጣት የሚያስገባ ሰው እንዳይኖር ያስጠንቅቁ። ክዳኑ ሲከፈት በመጀመሪያ ጥቅሉን ያውጡ፤ ከዚያም በጎን ያለችውን መዘውር በቀስታ እያዞሩ ከሮለሩ ጀርባ የተጨማደደውን ወረቀት በወረንጦ ይልቀሙ። በቢላዋ መፋቅ ጎማውን ስለሚልጠው አይሞክሩት።

መልስ 2፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሉ ካልታየ በሳምንቱ ተመልሶ ይያዛል። ሰበታ በምሠራበት ቦታ በዋጋ ቀነስ ያለ ወረቀት ተገዝቶ፣ ክረምቱን በሲሚንቶ ወለል ላይ ተደራርቦ በመክረሙ እርጥበት ጠጥቶና ተጨፍልቆ ነበር። የተጨፈለቀ ጥቅል እንደ ልብ ስለማይሽከረከር፣ ስስ ወረቀት ሮለሩን ሳያዞር ይበጠሳል። ስለ ማሽኑ ስንማረር ሁለት ወር ፈጀብን።

መልስ 3፦
በጽዳት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሑድ እንዳያልቅ ተብሎ አሮጌው ሳያልቅ አዲስ ጥቅል በግድ ሲጠቀጠቅ፣ ክዳኑ ወረቀቱን ተጭኖ ይይዘዋል። ተጠቃሚውም በአንድ እጅ ወደ ጎን መሳቡን ትቶ፣ በሁለት እጁ ሁለቱን ጠርዝ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይሳብ። ቁልፉን በተመለከተ የሣጥኑን አናት በእጅዎ ዳስሰው ይዩት፤ ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው እዚያው ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቁልፉ በእርግጥም አናቱ ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ስንከፍተው ምላጩ በከፊል ወጥቶ ቆሟል፤ ከሮለሩ ጀርባ ደግሞ ወረቀቱ እጥፍ በእጥፍ ሆኖ፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ይዞ ተጠቅጥቋል። እሱን ለቅመን ጥቅሉን ብናየው ቅርጹ እንቁላል መስሏል፤ ስለዚህ ለጠረጴዛ መወልወያ አስቀርተን ሌላ ቀየርንለት። አሁን ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ወረቀት በደንብ ተቆርጦ ይወጣል። ቁልፉን በክር አስሬ ከመታጠቢያው ቧንቧ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ የላይኛው ፎቅ ሣጥን ግን በዚህ አይከፈትም፤ የእሱን አናትም ዳስሼ ምንም አላገኘሁም።