ኢኖዌ ታኬሂኮ «ስላም ዳንክ»ን ለምን እዚያ ላይ አቆመው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ሌሊት የኢኖዌ ታኬሂኮን የቅርጫት ኳስ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ)፣ የ«ስላም ዳንክ»ን 31ኛና የመጨረሻ ቅጽ ጨረስኩ፤ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የባለታሪኮቹ ትምህርት ቤት ቡድን ሾሆኩ ተጋጣሚውን ሳኖን 79 ለ78 ሲረታ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ከዚህ በኋላማ ዋንጫው የእነሱ ነው አልኩ። ገጹን ስገልጥ በሚቀጥለው ጨዋታ ክፉኛ ተሸንፈው ወጥተዋል፣ ታሪኩም አለቀ። ኢኖዌ ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ሥራው በተወዳጅነት ጣሪያ ላይ እያለ ነው። ለምን? ከዚያ በኋላ ወደ ሳሙራይ (የጥንት ጃፓን ሰይፈኛ) ታሪክ የዞረውስ ስፖርቱ ሰልችቶት ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ቀጥሎ ምን እንዳነብም ምከሩኝ።

መልስ 1

እንኳን ለዚያ ቅጽ አበቃህ! እኔ እንጀራዬ ሥዕል ነው፣ ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል። «ሰልችቶት» የሚለውን ግን አልቀበልህም።

ሰውየው ቅርጫት ኳስን ከዳር ቆሞ አይደለም የሣለው። በ1967 በኪዩሹ ደሴት ደቡብ፣ በካጎሺማ ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ ራሱ ተጫውቷል። ኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ትምህርቱን ተወና ቶኪዮ ገባ። እዚያ የ«ሲቲ ሃንተር» ማንጋ ደራሲ ለሆነው ለሆጆ ጹካሳ ዓመት ላልሞላ ጊዜ በረዳትነት ሠራ። በ1988 ለአዳዲስ የማንጋ ሠዓሊዎች የሚሰጠውን የቴዙካ ሽልማት አገኘ። በዓመቱ በሌላ ሰው ድርሰት ላይ የሣለው የመጀመሪያ ተከታታይ ሥራው ብዙም ሳይራመድ ቆመ። በ1990 በሳምንታዊው የማንጋ መጽሔት «ሾነን ጃምፕ» ላይ ይዞ የመጣው ቅርጫት ኳስን ነው። ያን ጊዜ በጃፓን የማንጋ ዓለም ቅርጫት ኳስ አይሸጥም፣ ባይነካ ይሻላል ይባል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በትምህርት ቤት ድብድብና በሳቅ የተሞሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ አንባቢውን በቡጢ አስገብቶ በኳስ አስቀረው።

1ኛውንና 31ኛውን ቅጽ ጎን ለጎን ዘርግተህ እያቸው። መጀመሪያ ላይ ዋናው ባለታሪክ ሳኩራጊ በጥቂት መስመር የሚያልቅ የቀልድ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ላብ የጠጣ ማሊያ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ጉልበት ከመዝለሉ በፊት እንዴት እንደሚታጠፍ ታያለህ። ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ 276 ምዕራፍ! በየሳምንቱ እያስረከበ፣ አንባቢው ፊት እጁን እያሳደገ።

አሁን ወደዚያች የሳኖ ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃ ልምጣ። ቃል የለም። የተመልካቹን ጩኸት፣ የአሰልጣኙን ድምፅ፣ በየጥጉ የሚጻፈውን ሐሳብ ሁሉ አወጣው፤ የቀረው እጅ፣ ዐይን፣ ጫማ፣ ሰዓት ነው። እኔ እነዚያን ገጾች ስስ ወረቀት ደርቤ መስመር በመስመር ገልብጫቸዋለሁ። ገጽ ሲቀየር እስትንፋሴን ይዤ እንደነበር የታወቀኝ ብዕሬ ሲንቀጠቀጥ ነው። ሳኩራጊ እጁን አዘጋጅቶ ኳሱን ሲጠብቅ «ግራ እጅ መደገፊያ ብቻ» የምትል ሹክሹክታ አለች፤ ሌላ ምንም የለም። ርዕሱ «ስላም ዳንክ» ሆኖ ሳለ ጨዋታውን የዘጋችው ዳንክ (ዘሎ ኳሱን በእጅ ቅርጫቱ ውስጥ መክተት) አይደለችም፤ ልጁ በልምምድ 20,000 ጊዜ የወረወራት ተራ የዝላይ ውርወራ ናት።

ከዚያ በኋላ ምን ይሣል? ዋንጫ ቢጨመርበት ይህን ጨዋታ ወደ መንገድ ላይ ማረፊያ ያወርደው ነበር። እዚያ ላይ ያቆመው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሔቱ ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ የወጣው «የመጀመሪያው ክፍል ተፈጸመ» ተብሎ ነበር፤ ሁለተኛው ክፍል አልመጣም፣ እኔም እንዲመጣ አልመኝም።

ሳሙራዩን በተመለከተ፦ «ቫጋቦንድ» በ1998 ተጀመረ፣ መነሻው የዮሺካዋ ኤይጂ ልቦለድ ነው። ኢኖዌ ግን ሰይፈኛውን ሳሳኪ ኮጂሮን መስማት የተሳነው አድርጎ ሣለው፤ ልቦለዱ ውስጥ እንዲህ አይደለም። ቃል የማይሰማ ሰው በሰይፍ ሲናገር ታያለህ። ኢኖዌ ራሱም እየቆየ ብዕሩን ትቶ በብሩሽ መሣል ጀመረ። ያች የመጨረሻዋ ደቂቃ ዝምታ እዚህ ዓመታትን ያዘች። ስለዚህ ቀጥሎ «ቫጋቦንድ»ን አንብብ፤ ከ2015 ጀምሮ መቋረጡን ግን ከወዲሁ እወቅ።

መልስ 2

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ ገጾቹ ያልከው ልቤን ነካኝ። ግን «ሪያል»ን እንዴት ትዘላለህ? ስፖርቱን እንዳልተወ የሚመሰክረው እሱ አይደለም እንዴ?

እኔ የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። «ሪያል» በ1999 የተጀመረ የተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። ቶጋዋ ሯጭ ነበር፣ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን አጣ። ኖሚያ በሞተር ሳይክል አደጋ አብራው የነበረችን ልጅ አካል ጉዳተኛ አድርጎ ከጸጸቱ ጋር ይኖራል። እኔን የያዘኝ ግን ሦስተኛው፣ ታካሃሺ ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን አምበል ሳለ ሰዉን ሁሉ በፊደል ደረጃ ይመድባል፣ ራሱን ከላይ አስቀምጦ። አንድ ቀን መኪና ገጨው፣ እግሮቹም ከዱት። ሆስፒታል ተኝቶ ያን የራሱን ሚዛን ወደ ራሱ ሲያዞረው የሚታየው ፊት አለ... እኔ ያን ፊት በመስታወት አይቼዋለሁ። ኢኖዌ አላዘነለትም፣ አላሞገሰውምም። ቁጣውን እንዳለ ሣለው። በዚህ አመሰግነዋለሁ።

ጨዋታውንም ያውቀዋል። ቅርጫቱ ያው 3.05 ሜትር ላይ ነው፣ ማንም ዝቅ አያደርግልህም። ተጫዋቾች እንደ ሰውነታቸው አቅም ከ1.0 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ተደምረው ከ14 መብለጥ የለባቸውም። ስለዚህ ብዙ መንቀሳቀስ የማይችለው ሰው ለቡድኑ ሸክም አይደለም፣ ስሌቱ ይፈልገዋል። ከ2014 እስከ 2019 ሲቋረጥ በየጊዜው እየገባሁ ተመልሶ እንደሆነ አያለሁ ነበር። የተመለሰ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

መልስ 3

አጭር ጭማሪ። «ስላም ዳንክ» በጃፓን 100 ሚሊዮን ቅጂ ሲደርስ፣ በታኅሣሥ 2004 ኢኖዌ በካናጋዋ ወደሚገኝ የተዘጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ «ከ10 ቀን በኋላ» የሚለውን ታሪክ በ23 ጥቁር ሰሌዳዎች ላይ በጠመኔ ሣለ። ለአንባቢዎቹ ያቀረበው ምስጋና ይህ ነበር። በ2006 ደግሞ ጃፓናውያን ወጣት ተጫዋቾችን ወደ አሜሪካ የሚልክ የትምህርት ዕድል በ«ስላም ዳንክ» ስም ተቋቋመ።

በታኅሣሥ 2022 የወጣውን ፊልም ራሱ ጽፎ ራሱ ነው ያዘጋጀው። ጨዋታው ያው የሳኖው ነው፤ ታሪኩ ግን ከኦኪናዋ በመጣው፣ ቁመቱ አጭር በሆነው የሾሆኩ ተጫዋች በሪዮታ ሚያጊ በኩል ይነገራል። መጨረሻዋ ላይ ድምፁ ሁሉ ይጠፋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ የጎኔ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሥራ በፊት ያችን ገጽ ከፍቼ የሳኩራጊን ግራ እጅ አየሁት፤ እውነትም ኳሱን ገና ነክቶታል ብቻ። ሌሊት እየሮጥኩ ስላነበብኩ አላስተዋልኩትም ነበር። ዛሬ ማታ «ሪያል» 1ኛ ቅጽ።