የቆርቆሮ ቤት፣ ያረጀ ኤሲና ቶሎ የሚያልቅ የመብራት ካርድ፦ ድሬ ላይ ምን ይሻላል?

ሳቢያን ተከራይ
ሰላም ጀማው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ። ኤሲው ያገለገለ ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው፣ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን ራሱ የሚቀንስ ዓይነት) አይደለም። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት 20 ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ ቤቱ አይቀዘቅዝም፣ ካርዱ ግን ያልቃል። ኢንቨርተር ልግዛ ወይስ የውሃ ማቀዝቀዣ (በእርጥብ ንጣፍ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ይበቃል? ግንቦት ሳይገባ መወሰን አለብኝ።

ቀዝቃዛ መስመር
አቦ፣ አሁን ኢንቨርተር አትግዛ። እንዲህ ያለ ኤሲ 1.8 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ስለማይደርስ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) አያርፍም፤ በቀን 6 ሰዓት ሲሠራ 10.8፣ በወር 324 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ኢንቨርተር የሚቆጥበው የተፈለገው ሙቀት ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው። እዚያ የማይደርስ ቤት ውስጥ እሱም ሙሉ ቀን በሙሉ ጉልበት ይሮጣል።

ዛሬ የሚሠራው፦ 26 ላይ አድርገውና ቬንትሌተር ጨምርበት። ቬንትሌተር 60 ዋት ገደማ ነው፤ 10 ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ለበርጫ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ካለ ቬንትሌተሩ ዝቅ ይበል፤ ጣሪያ ስር ያለውን ትኩስ አየር ወደ ታች መግፋት ትርፍ የለውም። የኤሲውን ማጣሪያ በየ15 ቀኑ እጠብ፤ የድሬ አቧራ ከዚያ በላይ አይታገስም።

ቆርቆሮና ቀለም
ጠላትህ ጣሪያው ነው። ነጭ የጣሪያ ቀለም፣ በውሃ የሚበጠበጠው አክሪሊክ፣ ትልቁን ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ አቧራውንና ቅባቱን በሳሙና እጠብ፣ ሲደርቅ ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ)፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ አይያዝም፤ ከስሩ ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጠርና በቅርፊት ይላጣል። ኖራም ዝናብ ያጥበዋል። ቀለሙን ጠዋት ማለዳ ቀባ፤ ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ከመያዙ በፊት ይደርቃል።

መጠኑ፦ ከነክፈፉ 30 ካሬ ከሆነ፣ የቆርቆሮው ሞገድ ሲጨመር 35 ይጠጋል። ሁለት እጅ 70 ነው፤ አንድ ሊትር 8 ካሬ ቢሸፍን 9 ሊትር ያዝ።

ሳቢያን ተከራይ
አከራዩ ጣሪያ ላይ ሰው አያስወጣም። ከውስጥ የሚሆን አለ?

ቆርቆሮና ቀለም
አለ። አሉሚኒየም ፎይል ገዝተህ ከሞራሌው ስር፣ አብረቅራቂው ገጽ ወደ ታች ሆኖ ወጥር። ወደ ላይ ካደረግኸው አቧራ ይተኛበትና ሥራው ያበቃል። ከቆርቆሮው ጋር አይነካካ፤ 3 ሳንቲሜትር ክፍተት በቂ ነው። ለ20 ካሬ 22 ካሬ ግዛ፣ መደራረቢያ አለው። ተጠንቀቅ፦ ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መብራት ይጥፋ፣ ኮርኒስ ውስጥ ያለ የተላጠ ገመድም ይቀየር። በሁለቱ ጫፍ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ካለ ትኩሱ አየር ይወጣል።

መስኮቱን ከውጭ ጋርደው፤ ሸራም ሰሌንም ይሆናል። ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ይራቅ። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐዩ ከገባ በኋላ ነው የሚያዘው።

ገንደ ቆሬ
የውሃ ማቀዝቀዣውን አትናቁት፤ ከ100 እስከ 200 ዋት ነው የሚበላው። በደረቁ ወራት ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ግን ክፍሉን ያወብቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሰው የሚሳሳተው መስኮት ዘግቶ ነው፤ እርጥቡ አየር የሚወጣበት ካላገኘ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ነህ። መስኮት ወይም በር ክፈት፣ ማሽኑ ከጀርባው የውጭ አየር ይሳብ።

ሌላው ውሃው ነው። የድሬን ውሃ ጀበና ይመስክር፤ ያው ነጭ ቅርፊት ንጣፉ ላይም ይጋገራል። ጋኑን በየ3 ቀኑ ድፋው፣ ንጣፉን በወር አንዴ በኮምጣጤ ውሃ ዘፍዝፈህ እጠብ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ቀድመህ አስብበት።

ጀጎል ሰፈር
ከሐረር ነኝ፣ እኛ ጋ ኤሲ አያስፈልግም። ግን ቀን ላይ መስኮትና በር ዝጉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱንም ክፈቱ። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ካላስወጣ ነገ በላዩ ላይ ይጨምርበታል። የትንኝ ወንፊት አይረሳ።

ቀዝቃዛ መስመር
ፎይሉና ሸራው ከገቡ በኋላ ኤሲ ካስፈለገህ ባለ 12 ሺህ ኢንቨርተር ይበቃል፤ ሲጀምር አንድ ኪሎዋት ገደማ፣ ከረጋ በኋላ እስከ ግማሹና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከቤት ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል ምዕራብ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ጥላ ይሁን፣ ነገር ግን ፊቱ አይዘጋ። ሲገጠም ባለሙያው ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ እንዲያደርቅ ጠይቅ። «ጋዝ ለቅቄ አየሩን አስወጣዋለሁ» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም 3 ደቂቃ ሳይሞላ አታብራው።