«በስልክ የተማረ በስልክ ያገልግል»፦ በርቀት ነገረ መለኮት የተማረ መጋቢ መሆን አይችልም?

ናሆም ዘሆሳዕና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ነው የምጽፈው። በአካባቢያችን የአገልጋዮች ስብሰባ ላይ ሦስት ወንጌላውያን የነገረ መለኮት ዲግሪያቸውን በርቀት ጨርሰው «መጋቢ ሆነን እንመደብ» የሚል ማመልከቻ አስገብተው ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «በስልክ የተማረ በስልክ ያገልግል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። «ምን ተማራችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም። እነዚህ ሰዎች ቀን ሲያገለግሉ ውለው ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ ያነበቡ ናቸው። የአንደኛውን ሞጁል አይቼዋለሁ፣ ሰም ያልነጠበበት ገጽ የለውም። ይህ ነው የሚሳቅበት?

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ናሆም ወንድሜ፣ መሳቃቸው ልክ አይደለም። የሽማግሌው ሐሳብ ግን ባዶ አይደለም። መጋቢነት ፈተና ማለፍ ብቻ ነው እንዴ? ለቅሶ ቤት ገብተህ ምን ትላለህ? ባልና ሚስት በሌሊት ተጣልተው በርህን ሲያንኳኩ ምን ታደርጋለህ? እኔ ሴሚናሪ ተቀምጬ ስማር ከክፍሉ ይልቅ የቀረጸኝ ከመምህሮቼ ጋር የበላሁት ምሳ ነው። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1935 ፊንከንቫልደ በሚባል ቦታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አብረው እንዲኖሩ፣ አብረው እንዲጸልዩ፣ ኃጢአታቸውን እርስ በርስ እንዲናዘዙ ያደረገው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሩት ኤም፦
ቦንሆፈርን ካነሣህ ታሪኩን ጨርሰው እንጂ። በ1937 የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ያንን ቤት ዘጋው። እሱ ግን «እንግዲህ በቃ» አላለም። ለተበተኑት ተማሪዎች የዙር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አዲሶቹንም በየአጥቢያው በረዳትነት አስመድቦ በትንንሽ ቡድን አሠለጠናቸው። ቦታ ሲጠፋ ትምህርቱ ሰው ወዳለበት ሄደ። እኛ ቤት የሚባለው ግን ሰው ወደ ትምህርቱ ካልመጣ አይማር ነው። ሦስት ልጅ ያላት እናት አራት ዓመት አዲስ አበባ ዶርም ልትገባ ነው? ለነገሩ «በስልክ ያገልግል» ብለው ከሳቁት ውስጥ ስንት ሴት ነበረች? ናሆም ንገረን እስቲ።

ናሆም ዘሆሳዕና፦
ሩት፣ ሴቶች ነበሩ፤ ሻይ ያቀርቡ ነበር።

ዳዊት የሴሚናሪው፦
አሁን ነገሩን ወደ ሴትና ወንድ አትውሰዱት። እኔ ያልኩት ሌላ ነው።

ትርሲት ከጅዳ፦
ዳዊት፣ እኔ የምለውን ስማኝ። «በስልክ ያገልግል» የሚለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያብከነክነኝ አደረ፣ ምክንያቱም እኔ በስልክ ነው የምማረው፤ የማገለግለውም በስልክ ነው። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚባል በር የለም። የሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ማድ ቤቱን አጽድቼ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ ትምህርቱን እሰማለሁ። ሌላው ጆሮዬ እመቤቲቱ ከጠራችኝ ብሎ ክፍት ነው። ዓርብ ሌሊት እህቶች በስልክ እንሰበሰባለን፣ እኔ ቃሉን አካፍላለሁ። ደመወዟን ከልክለዋት ልቧ የተሰበረ ልጅ በዚያው ስልክ ነው ያጽናናናት፣ ከነበረችበት ቤት የምትወጣበትንም መንገድ በዚያው ነው የፈለግንላት። ሽማግሌው እንደ ስድብ የተናገሩት የእኔ ዋና ሥራዬ ነው።
መምህሬን በአካል አግኝቼው አላውቅም። ግን ስለ ሮሜ 7 ጽፌ ስልክለት በድምፅ መልሶ «ትርሲት፣ ይህ ሐሳብ ያንቺ ነው የሞጁሉ?» አለኝ። እንደገና አስጻፈኝ። አልቅሼ ጻፍኩት። ይህ ቀረጻ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ቤዛ ዘአራዳ፦
እህት ትርሲት ጌታ ይባርክሽ። ዳዊት መልስ ስጥ።

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ትርሲት እህቴ፣ አንቺን አላልኩም። አንቺ ያለሽበት ሁኔታ ሌላ ነው። እዚህ አገር ሴሚናሪ በአቅራቢያው እያለለት «አይመቸኝም» ብሎ በርቀት የሚመዘገበውን ነው የማወራው።

ሩት ኤም፦
«አይመቸኝም»? ደሞዙ ቤት ኪራይ የማይሸፍን ወንጌላዊ ሥራውን ጥሎ አዲስ አበባ ልግባ ሲል ማን ያበላዋል? «አይመቸኝም» የሚለውን ቃል ደግመህ አስብበት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኔ የእናንተ ቤት ሰው አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ነገሩ ግን እኛም ቤት ስላለ ልናገር። አባቴ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። ዋሸራ ቅኔ ሲቆጥር ከየኔታ እግር ሥር ነው። ቅኔውን ሲዘርፍ የኔታ ያቃኑታል፣ ይነቅፉታል፣ ሲያምርም ያመሰግኑታል። አንድምታው፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው፤ ተጽፎ እንኳ መምህር ሳይኖር አይዘለቅም። አሁን በስድስት ወር የርቀት ኮርስ «የነገረ መለኮት ምሩቅ» ተብሎ መድረክ ላይ የሚቆመውን ሳይ ያመኛል። ጃንደረባውስ ምን አለ? «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። መጽሐፉ በእጁ ነበር። እያነበበ ነበር። ሰው ነው የጎደለው።

ሩት ኤም፦
ወንድሜ ያነሣኸው ትልቅ ነገር ነው። ግን የሐዋርያት ሥራ 8ን እስከ መጨረሻው አንብበው። ፊልጶስ አብሮት ስንት ጊዜ ተቀመጠ? አንድ መንገድ። ከውኃው ሲወጡ የጌታ መንፈስ ነጠቀው፣ ጃንደረባውም ደግሞ አላየውም፣ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ያ ሰው እኮ የእኛው ነው። ወደ አገሩ የገባው ያለ መምህር ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ተጠምቆ ነው የሄደው፣ ዲግሪ ይዞ አይደለም። «ልሹም» ብሎም አልጠየቀም።

ቤዛ ዘአራዳ፦
ይህቺ መልስ ናት!

ናሆም ዘሆሳዕና፦
ቆይ፣ ጳውሎስስ? ከመልእክቶቹ አንዳንዶቹን እስር ቤት ሆኖ አይደል የጻፈው? ለቆላስይስ ሰዎች የጻፈውን በሎዶቅያም እንዲያስነብቡት፣ ከሎዶቅያ የሚያገኙትን ደግሞ እነሱ እንዲያነቡት አዟል። ሞጁል ሲቀያየሩ ማለት ነው። የዛሬ ነገረ መለኮታችን የቆመው በዚያ የርቀት ትምህርት ላይ ነው።

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ሁለተኛ ዮሐንስን ደግሞ አንብብ። «በወረቀትና በቀለም ልጽፈው አልወድም» ይላል፤ መጥቶ አፍ ለአፍ ሊነግራቸው ነው የፈለገው። ጳውሎስም ቢሆን መልእክቱን በሰው እጅ ነው የሚልከው፣ ቲኪቆስ ደርሶ ሁሉን ይነግራችኋል እያለ። ብቻውን የሄደ ወረቀት የለም።

አስጠኚው፦
ሁላችሁም ይቅር በሉኝና እኔ ከውስጥ ልናገር። ለአንድ ኮሌጅ የርቀት ተማሪዎችን አስጠናለሁ፣ ወረቀትም አርማለሁ። ስሙን አልጠራም። ባለፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አሳይመንት አረምኩ። የመጀመሪያው ልጅ የኒቂያ ጉባኤ በ352 ተካሄደ ብሎ ጻፈ። በ325 መሆኑን ታውቃላችሁ። እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛውን ስከፍት 352። ሦስተኛው 352። ከዚያ በኋላ ያረምኩት ሁሉ 352 ነው፣ ነጠላ ሰረዟ እንኳ አልተቀየረችም። አንድ ሰው ጽፎ ሁሉም ገልብጦታል። አለቃዬን ሳናግር «አሳልፋቸው፣ ቅሬታ እንዳያነሡ» ተባልኩ። እነዚህ ልጆች ነገ መድረክ ላይ ይቆማሉ።
በ2002 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በጅምላ ያገደው እኮ በጥራት ምክንያት ነው። ኋላ እገዳው ቢላላም ችግሩ የትም አልሄደም። በየስልክ እንጨቱ «አሳይመንትና ጥናታዊ ጽሑፍ እንሠራለን» የሚለውን ወረቀት አላያችሁም? የነገረ መለኮት ተማሪም እዚያ ቁጥር ላይ ይደውላል።

ናሆም ዘሆሳዕና፦
ይህ የእኔን ሦስት ሰዎች አይመለከትም!

አስጠኚው፦
አላልኩም። ግን ማንም ስላልጠየቃቸው አንተም እርግጠኛ መሆን አትችልም፣ እኔም አልችልም። ይህን ያልከው አንተው ነህ።

ቤዛ ዘአራዳ፦
ታዲያ በአካል የሚማረው አይገለብጥም? እኔ ካምፓስ የነበርኩ ጊዜ ያላየሁት የለም። አስጠኚው፣ «አሳልፋቸው» ሲሉህ አሳለፍካቸው ወይስ አላሳለፍካቸውም?

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ቤዛ ይህ የግል ጥያቄ ነው።

ቤዛ ዘአራዳ፦
የግል አይደለም። ወረቀቱን የፈረመው እሱ ነው።

አስጠኚው፦
አላሳለፍኩም። እንደገና ሥሩ ብዬ መለስኩ። በሚቀጥለው መንፈቅ የማርመው ወረቀት አልተሰጠኝም። መልሱ ይህ ነው።

ጋሽ መኩ፦
ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ያመንኩ ሰው ነኝ። ወላይታ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ፣ ወንጌላውያኑ ታስረው፣ በየቤቱ በር ዘግተን እንማር ነበር። የምንማርበት ደብተር በእጅ የተገለበጠ ነው። ከመገልበጥ ብዛት የኋለኛው ከፊተኛው የሚለይበት ጊዜ ነበር። ግን አንድ ነገር ነበረን። በወር አንዴ በሌሊት እየመጣ የሚፈትነን ወንድም ነበር። «ይህን ያልከውን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ያፋጥጠናል። ደብተሩን አይቶ ደስ አይለውም፤ ስታስረዳው ነው ደስ የሚለው። የሽማግሌው ንግግር ክፉ ነው፣ በአደባባይ ሰው ማሳፈር የእኛ ወግ አይደለም። ነገር ግን የሚፈትን ሰው ሳይልኩ ሞጁል ብቻ የሚልኩትንም እነቅፋለሁ።

ሩት ኤም፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ ያሉትን ነው ቲኢኢ የሚባለው የኤክስቴንሽን ትምህርት የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጓቲማላ ውስጥ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ገጠሩን የሚያገለግሉት ሰዎች እርሻቸውንና ቤተሰባቸውን ጥለው መምጣት እንደማይችሉ አየ። ለመምጣት የቻሉት ወጣቶች ደግሞ ከተማ ለምደው ይቀራሉ። ስለዚህ ተማሪው ቤቱ ሆኖ በመጽሐፉ እንዲያጠና፣ መምህሩ ደግሞ በየሳምንቱ ወደ እሱ ሰፈር ሄዶ እንዲያገኘው አደረጉ። ከዚያ ነው በዓለም የተስፋፋው፣ እኛም አገር የገባው። መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። መምህሩ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። ዛሬ የእኛዎቹ ኮሌጆች መጽሐፉን ወስደው አውቶቡሱን ጣሉት። ገንዘቡ ግን አልቀነሰም።

ዳዊት የሴሚናሪው፦
እንግዲያው በእኔ ሐሳብ ተስማማሽ ማለት ነው። ሰው ያስፈልጋል።

ሩት ኤም፦
አልተስማማሁም። አንተ ያልከው ተማሪው ይምጣ ነው። እኔ የምለው መምህሩ ይሂድ ነው።

ናሆም ዘሆሳዕና፦
ማንዴላ እኮ የሕግ ዲግሪውን ከእስር ቤት ሆኖ ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ ነው ያገኘው። ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል፣ እዚሁ አቃቂም ማዕከል ከፍቷል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም የዚያው ምሩቅ ነው። እነሱንም «በስልክ የተማሩ» ልንላቸው ነው?

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ቱቱን አታንሣ፣ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። በ1954 ከዩኒሳ ያገኘው ቢ.ኤ. ነው። ለቅስና ሲዘጋጅ ግን ጆሃንስበርግ ሮዘተንቪል ተቀምጦ ተማረ፣ ኋላም ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሄደ። ለምን በርቀት አልቀጠለም?

ትርሲት ከጅዳ፦
ዳዊት፣ ለንደን የሚልከው ስላገኘ ነዋ። እኔን የሚልከኝ ካለ ነገ እነሣለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ትርሲት፣ አንቺ መምህር አለሽ። «ያንቺ ነው የሞጁሉ?» ያለሽ ሰው የኔታ ነው። እኔ የተቃወምኩት እሱ የሌለበትን ነው። ግን ዜማና ቅዳሴ በስልክ ይቻላል ካላችሁኝ አሁንም አልስማማም።

ቤዛ ዘአራዳ፦
ስለ ዜማ ማን አወራ? እናንተ ሁሉን ነገር ወደ ያሬድ ነው የምትመልሱት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«እናንተ» ማለት ማን ነው? በጨዋ ቋንቋ ነው የተናገርኩት።

ጋሽ መኩ፦
ቤዛ ልጄ፣ ተው። እንግዳ አክብር።

ቤዛ ዘአራዳ፦
እሺ ጋሼ። ይቅርታ ወንድሜ።

አስጠኚው፦
ናሆም፣ አንድ ሐሳብ ልስጥህ። ሦስቱ ወንጌላውያን በሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው በቃል ይፈተኑ። የጻፉትን ያስረዱ፣ ከሮሜም ከታሪክም ይጠየቁ፣ አንድ እሑድም ይስበኩ። እኔ የራሴን ትራንስፖርት ችዬ መጥቼ ልፈትናቸው ፈቃደኛ ነኝ። የወደቀ ይወድቃል፣ ያለፈ ይመደብ።

ዳዊት የሴሚናሪው፦
ይህ ከሆነ በእኔ በኩል ተቃውሞ የለኝም፣ ግን አንድ ዓመት ከአንድ ነባር መጋቢ ጋር በረዳትነት ይሥሩ።

ሩት ኤም፦
አንተ ከሴሚናሪ ስትወጣ አንድ ዓመት በረዳትነት ሠርተሃል?

ዳዊት የሴሚናሪው፦
የእኔ ጊዜ ደንቡ ሌላ ነበር።

ሩት ኤም፦
እንግዲያው ደንቡ ለሁሉም ይሁን። ሴሚናሪ ለወጣውም፣ በርቀት ለጨረሰውም።

ናሆም ዘሆሳዕና፦
አስጠኚው ያለውን አሁን ለጸሐፊው ደውዬ ነገርኩት። «ለሽማግሌዎቹ ለማቅረብ መጀመሪያ አጀንዳ መያዝ አለበት፣ አጀንዳ የሚያዘው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ነው» አለኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው ስለው «ከመስቀል በኋላ» አለ። ከሦስቱ አንዱ ነገ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ እየተዘጋጀ ነው፣ ምን ልበለው?